ውዴና የሊድያ ግራ ዓይን

አበልጄ ውዴ ማንበብ አትችልም። ይህን ስል ሐሜት እንዳይመስልብኝ፤ ራሷ ገበያ መሀል ጮክ ብላ የምትናገረው ነው። «እኔ ወረቀት አላውቅም፣ ወረቀትም እኔን አያውቀኝም» ትላለች። ነገር ግን በጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ በርበሬና ሽሮ ከሚሸጡት ሴቶች ሁሉ እሷን የሚያህል ጭንቅላት ያለው አላየሁም። የማን ቤት ወጥ ምን ያህል ማቃጠል እንዳለበት፣ የትኛዋ ደንበኛ ጨጓራዋን እንደሚያማት፣ የማን ባል ነጭ ሽንኩርት እንደሚጠላ፣ ሁሉንም በቃሏ ይዛዋለች። በሶማልኛ ትከራከራለች፣ በዓረብኛ ትምላለች፣ በፈረንሳይኛ ታመሰግናለች፤ ስትናደድ ግን ወደ አማርኛ ትመለሳለች። አያቷ በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ መጥተው ሐዲድ ላይ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቤተሰቡም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ካርቲዬ ሁለት የሚባለውን ሰፈር ለቆ አያውቅም። የዘወትር ጸሎቱን ከዳር እስከ ዳር ትወጣዋለች። ማን አስተማረሽ ሲሏት መልሷ «ሰማሁት፣ ያዝኩት» ነው፤ ሌላ የላትም።

እኔ ባፈና እባላለሁ። ሀራሙስ በሚባለው ሰፈር በአንድ የፈረንጅ ቤት ምግብ አብሳይ ነኝ፤ እዚያው አድሬ ዓርብ ዓርብ እወጣለሁ። ወደዚህ አገር ስመጣ የማውቀው ሰው አልነበረም። ማዳም ሽንኩርት ግዢ ብላ የላከችኝ ዕለት በገበያው ውስጥ ጠፍቼ ስንከራተት ውዴ አየችኝ። «አንቺ የወሎ ልጅ፣ ነይ ተቀመጪ፣ በልተሻል?» አለችኝ። ከየት እንደመጣሁ አልነገርኳትም፤ ፊቴ ላይ ተጽፎ ይሁን እንጃ። ልጇ ሊድያ ስትወለድ ክርስትና አነሳሁላት፣ አበልጅ ሆንን። እንግዲህ ብስቅባትም ብቆጣትም መብት ኖሮኝ ነው።

ሊድያ ዘንድሮ ስድስት ዓመት ሞላት። ውዴ ለዚህች ልጅ ያወረሰቻት ነገር ቢኖር ያንኑ የማይጠግብ ጭንቅላት ነው። ዓርብ ዓርብ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መሪጌታ ጀንበሬ ለሰፈራችን ልጆች ፊደል ያስቆጥራሉ። ፊደሉ የተጻፈበት ትልቅ ካርቶን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ መሪጌታ በዱላቸው «ቋ» ባደረጉ ቁጥር ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። ከሁሉ ቀድማ የምትጮኸው ሊድያ ናት። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ትንፋሽ ሳትወስድ ትደርሳለች። መሪጌታም ተደስተው፣ ለመጪው በዓል በምእመናኑ ፊት ቆማ ሌሎቹን ልጆች እንድትመራ መረጧት። ውዴ በዚያው ሰሞን የሐበሻ ቀሚስ አሰፋችላት። በርበሬ ልትገዛ የመጣችውን ሁሉ፣ ሶማሌም ትሁን ዓፋር፣ «ልጄ እኮ ፊደል ለየች» እያለች አሰለቸቻት። ብታሰለቸኝም እውነቱን ልናገር፣ እኔንም ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር።

በዚህ መሀል ነው ሊድያ የምትማርበት የፈረንሳይኛው ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል ልጆች ሁሉ ዓይናቸውን ይመርመሩ ያለው። ውዴ ሳቀች። «የእኔ ልጅ ዓይን ምን ይሆናል ብለው ነው? ለማንኛውም አንቺ ፈረንሳይኛ ትሰሚያለሽ፣ አብረሽኝ ነይ» አለችኝ። ማዳምን አስፈቅጄ ሄድኩ። ፈረንሳይኛዬ የወጥ ቤት ፈረንሳይኛ ነው፤ ስለ ድንች ከሆነ ማንንም አልፈራም፣ ስለ ዓይን ግን አንድ ቃል አላውቅም።

እንደፈራሁት አልሆነም። መርማሪዋ ኻሊዳ የምትባል የዚሁ አገር ልጅ ሆና፣ አማርኛ ትችላለች። ሕፃን ሳለች ያሳደገቻት ሞግዚት ኢትዮጵያዊት ነበረች አሉ። አማርኛን የሰማችው ሞግዚቷ እሷን ስታነጋግር ብቻ ስለሆነ፣ ኻሊዳ ሽማግሌውንም ወንዱንም «አንቺ» ነው የምትለው። ከእኛ በፊት የገባውን ፂማም ሰውዬ «አንቺ፣ ቀና በይ» ስትለው ውዴ በነጠላዋ አፏን ይዛ በሳቅ ተንፈራፈረች።

ተራችን ደረሰና ሊድያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ ሰሌዳ ላይ ሥዕሎች በሩ፤ ከላይ ትልልቅ፣ ወደ ታች እያነሱ የሚሄዱ። ኻሊዳ የግራ ዓይኗን ሸፈነችና «አንቺ ሊድያ፣ ምን አየሽ?» አለቻት።

«ቤት፣ ዓሣ፣ መኪና፣ አበባ፣ ወፍ!» ልጄ እንደ መትረየስ አንጣጣችው። ቀጥሎ ቀኝ ዓይኗ ተሸፈነ። «ቤት፣ ዓሣ፣ መኪና፣ አበባ፣ ወፍ!» አሁንም ያው። ውዴ በክርኗ ጎሰመችኝ።

ኻሊዳ አንድ ነገር ነካችና ሰሌዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች ለወጠቻቸው። የመጀመሪያው ጃንጥላ፣ ሁለተኛው ፈረስ ሆነ። ቀኝ ዓይኗ እንደተሸፈነ «አሁንስ?» አለቻት። ሊድያ ሳትጠራጠር «ቤት፣ ዓሣ፣ መኪና፣ አበባ፣ ወፍ» አለች።

«አየሽ?» አለች ኻሊዳ ወደ ውዴ ዞራ። «በዚህኛው ዓይን አታይም፤ በልቧ ይዛ ነው የምትለው።»

ሌላ እናት ብትሆን ትደነግጥ ነበር። የእኔዋ አበልጅ ግን ፊቷ በራ። «አንዴ አይታ ያዘችው! አንዴ!» አለችኝ በሹክሹክታ። «ከማን ወጣች?»

ከዚያ የዓይን ጠብታ ተደረገላትና እስኪሠራ ኮሪደር ላይ ጠበቅን። የሕፃን ዓይን በራሱ እየተጨነቀ ጉድለቱን ስለሚደብቅ፣ ትክክለኛው ልክ የሚገኘው ጠብታው ካሳረፈው በኋላ ነው አለችን ኻሊዳ። ተመልሰን ስንገባ በየዓይኗ ላይ ብርሃን እያበራች፣ መስታወት እየቀያየረች ለካች። ከዚያም እዚህ ሁላችንም ኦርዶናንስ የምንላትን የሐኪም ወረቀት ጻፈች። ለቀኙ ፕላስ አንድ ተኩል፣ ለግራው ፕላስ አምስት፤ ከጎኑ ደግሞ ሌሎች ጥቃቅን ቁጥሮች። «መነጽር ታደርጋለች፤ ጠዋት እስከ ማታ። በኋላ ደግሞ ቀኝ ዓይኗን በፕላስተር እንሸፍናለን። አትዘግዪ፤ አሁን ትንሽ ናት፣ ዓይኗ ይማራል። ስታድግ አይማርም፤ ግራው እንዲሁ ቦዝኖ ይቀራል» አለች። እኔ ይህችን የመጨረሻዋን ነገር በደንብ ሰማኋት። ሊድያ ግን ጠብታው አቃጥሏት ታለቅስ ስለነበር ውዴ እሷን ስታባብል ግማሹን አልሰማችም። በሩ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይጠብቅ ነበር።

ወደ ውጭ ስንወጣ የጅቡቲ የቀትር ፀሐይ ተቀበለን። በጠብታው ብሌኗ የሰፋ ልጅ በዚያ ብርሃን ምን እንደምትሆን አስቡት። ሊድያ እየጮኸች በእናቷ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች። «ይኸው!» አለች ውዴ። «ጤነኛ ልጅ ወስጄ አሳውሬ መለስኩ!»

«ጠብታው ነው፤ እስከ ነገ ይለቃታል ተብሏል» ብላት ማን ሰምቶኝ። ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ስንሄድ ቁጥሩን ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ማስላት ጀመረች፤ ሒሳብ ስትሠራ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ፕላስ መደመር አይደለም እንዴ?» አለች።

«ነው።»

«መደመር ትርፍ ነው እንጂ ጉድለት የት አለበት? ደግሞ አምስት ከአንድ ተኩል ይበልጣል። እንግዲያው ግራው ከቀኙ ይበልጣል ማለት ነው። ቢሆንማ ቢሆን የሚሸፈነው የታመመው ነው እንጂ ጤነኛውን መሸፈን ምን የሚሉት ሕክምና ነው? እግሬ ቢሰበር ደህናውን ነው የሚያስሩልኝ?»

ኻሊዳ የነገረችን ሁሉ ልክ እንደሆነ ልቤ ያውቃል፤ ለምን ልክ እንደሆነ ግን ማስረዳት አልቻልኩም። የነጋዴ ሒሳብ ደግሞ በባዶ እጅ አይረታም። ተናድጄ «እንኪ ወረቀትሽን!» ብዬ እጇ ላይ አኖርኩላትና ወደ ሀራሙስ ተመለስኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ደወልኩላት፤ መነጽሩ አልተሠራም። በሌላው ዓርብ ቤቷ ሄድኩ፤ ወረቀቱ ቡፌው ላይ የስኳር ዕቃ ተጭኖታል። ለበዓሉ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፣ ልጄን ወፍራም መነጽር አድርጌ ሰው ፊት አላቆማትም አለችኝ። እውነተኛው ምክንያት ይኸው ነበር፤ ገና አሁን ወጣ። እኔ በበኩሌ የኻሊዳ ቃል እንቅልፍ ነስቶኛል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለም? የዚህች ልጅ ዓይን እየደረቀ ነው፣ እናቷ ስለ ቀሚስ ታወራለች!

«ልጄ ታያለች» አለች ውዴ። «አታምኚኝም? ኃይለሚካኤል፣ እስቲ ንገራት።»

ባሏ ኃይለሚካኤል ወደብ ላይ ትራንዚተር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከጉምሩክ ጋር ሲጨቃጨቅ ስለሚውል ቤቱ ሲገባ ከማንም ጋር አይጨቃጨቅም። ከሶፋው ላይ ሆኖ «ኧረ ታያለች» አለ። የአይጥ ምስክር ድንቢጥ!

«እንግዲያው ዛሬ በዓይንሽ ታያለሽ» ብላ ውዴ ሊድያን ከግቢ ጠራቻት። በር ላይ አቆመቻት፤ ቀኝ ዓይኗን በመሐረብ አሰረችላት። ግድግዳው ላይ መሪጌታ የሰጡት የፊደል ካርቶን ተሰቅሏል። ውዴ የወጥ ማማሰያዋን ይዛ ከካርቶኑ ጎን ቆመችና፣ ራሷ የማታነበውን ፊደል ከላይ ጀምራ በተራ «ቋ፣ ቋ» ታደርግ ጀመር።

«ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ!» ሊድያ ጮኸች። «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ!»

አንድም አልሳተች። ኃይለሚካኤል አጨበጨበ። ውዴ ወገቧን ይዛ አየችኝ፤ በቃ ተረታሽ ማለቷ ነው። እኔም ለአፍታ የተረታሁ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ እኮ ፊደሉን አንድ በአንድ ጠራችው፤ ምን ልበል?

ከዚያ እልህ ያዘኝ። «እስቲ እኔም ልሞክራት» ብዬ ማማሰያውን ከእጇ ነጠቅኩ። ከፊደሉ ካርቶን አጠገብ የቤተ ክርስቲያኑ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር፤ ቁጥሮቹ ከሰኞ እስከ እሑድ በሰባት ረድፍ የተደረደሩበት። የፊደሉም ቤት ሰባት ነው። ማማሰያውን ቀን መቁጠሪያው ላይ፣ ሰኞ ሥር አሳረፍኩ። ቋ።

«ሐ!» አለች ሊድያ።

ማክሰኞ። «ሑ!» ረቡዕ። «ሒ!» ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፤ «ሓ፣ ሔ፣ ሕ፣ ሖ!» ወደ ሁለተኛው ሳምንት ወረድኩ። «መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ!» ድምጿ ግቢውን ሞላው። ኃይለሚካኤል መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ከዚያ ከሶፋው ተነሳ። ውዴ ማንበብ አትችልም እንጂ ቀን መቁጠሪያና ፊደል ለይታ ታውቃለች፤ ጾሙንና በዓሉን ስንት ዓመት ስትከታተልበት ኖራለች። ካርቶኑን አየች፣ ማማሰያውን አየች፣ ልጇን አየች። ሊድያ የወሩን መጨረሻ አልፋ ባዶው ወረቀት ላይ «ሰ፣ ሱ፣ ሲ» ትላለች።

«በቃ ልጄ፣ በቃ» አለች ውዴ። ሄዳ ተንበረከከችላት። «ሊዱዬ፣ ይሄ አክስትሽ የምትነካው ይታይሻል?»

«ማማሰያው ቋ ሲል ይሰማኛል» አለች ሊድያ።

«ፊደሉስ? ፊደሉን አታይውም?»

ሊድያ ጥያቄው ገረማት። «ለምን አየዋለሁ እማ? አውቀዋለሁ እኮ።»

ውዴ መሐረቡን ፈታችላትና ጠበቅ አድርጋ አቀፈቻት። እንባዋ ወረደ፤ ልጅቷ እንዳታየው በትከሻዋ ላይ ጠረገችው። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፤ የእኛም ሙሽራ ታዘለች። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አልሆነልኝም፤ አብሬያት አለቀስኩ። «አበልጄ» አለችኝ ቀና ብላ፣ «ያቺ ወረቀት ከስኳሩ ሥር ናት። አውጪያት።»

በማግስቱ ሦስታችንም ከሊድያ ጋር ኻሊዳ ዘንድ ነበርን። ኃይለሚካኤል ከሥራ ቀርቶ መጣ። «አንቺ አባቷ ነሽ? ተቀመጪ» አለችው ኻሊዳ፤ እሱም እንደታዘዘ ተቀመጠ። በዚያ ቀን ማንም አልሳቀም። ውዴ ስለ እያንዳንዷ ቁጥር ጠየቀች፤ መልሱን በቃሏ ልትይዘው እንደሆነ ከፊቷ ያስታውቃል።

«ቁጥሩ የፈተና ማርክ አይደለም» አለች ኻሊዳ። «የመስታወቱ ጉልበት ነው። ትልቅ ቁጥር ማለት ዓይኑ ብዙ እርዳታ ይፈልጋል ማለት ነው። ዜሮ ማለት እርዳታ አይፈልግም።»

«እንግዲያው አምስቱ ነው የተቸገረው» አለች ውዴ።

«አዎ፣ ግራው። ፕላስ ደግሞ የመስታወቱ ዓይነት ነው፤ መሀሉ ወፈር ያለ። ዓይኗ ሥዕሉን በቦታው ለማሳረፍ ሁልጊዜ እየገፋ ይሠራል፣ ለቅርቡ ደግሞ ይብሳል። ማይነስ ቢሆን መሀሉ የሳሳ ነው፤ እሱ ሩቅ ለማያዩ ሰዎች ነው። ፕላስ ጥሩ፣ ማይነስ መጥፎ የሚባል ነገር የለም።» ከጎን ያሉት ጥቃቅን ቁጥሮች ደግሞ የግራው ዓይን ፊት ትንሽ ሞላላ ስለሆነ፣ መስታወቱ በየት አቅጣጫ ተስተካክሎ እንደሚገጠም ለመነጽር ሠሪው የሚናገሩ ናቸው አለችን።

«ጤነኛውን ለምን እንሸፍናለን?» ውዴ ዋናውን ጥያቄ አመጣች።

ኻሊዳ አማርኛዋ እያጠራት በእጇ ታግዛ አስረዳች። ሁለቱ ዓይኖች ለአንጎል ሥዕል ይልካሉ። ቀኙ የጠራ ይልካል፣ ግራው የደበዘዘ። አንጎል የጠራውን ይወስድና ሌላውን መጠየቅ ይተዋል፤ ግራው ካልተጠየቀ ማየትን አይማርም። መነጽሩ ሥዕሉን ያጠራለታል፤ ግን አንጎል አሁንም ቀኙን ብቻ ስለሚሰማ፣ ቀኙን ለጥቂት ሰዓት ዝም ማሰኘት ያስፈልጋል።

ውዴ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ሱቅ ውስጥ ሁለት ሠራተኛ አለኝ እንበል። አንዷ ቀልጣፋ ናት፣ ሁልጊዜ እሷን ነው የምጠራው። ሌላዋ ጥግ ተቀምጣ መመዘን እንኳን ሳትለምድ ትቀራለች። ቀልጣፋዋን ለተወሰነ ሰዓት ቤቷ ካልሰደድኳት ያቺ ሥራ አትለምድም።»

«እሱ ነው!» አለች ኻሊዳ። «አንቺ ጎበዝ ነሽ።»

«እሱማ ቀድሞ እንዲህ ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ!» ብላ ውዴ ጥፋቱን ሁሉ ወደ ኻሊዳ አሻገረችው። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

መነጽሩ ተሠራ። ሊድያ ራሷ ቢጫ ፍሬም መረጠች፤ የግራው መስታወት ከቀኙ ወፍሮ አንዱን ዓይኗን አጉልቶ ያሳያል። ለበዓሉም ያንኑ አድርጋ በምእመናኑ ፊት ቆመች። ውዴ ወደ ኋላ አላለችም፤ ከመጀመሪያው ረድፍ ሆና ማን እንደሚንሾካሾክ ዙሪያዋን ትቃኝ ነበር። አንዲት የሰፈር ሴት ከበዓሉ በኋላ ከንፈሯን መጥጣ «አይ ልጅ፣ ገና ሴት ልጅ ናት፣ በመነጽር ማን ያገባታል?» አለቻት። ውዴ ሳታስብ መለሰችላት፦ «የሚያገባት ሰው ሲመጣ አስቀድማ በደንብ ታየዋለች፤ አንቺና እኔ እንዲያ አድርገን ብናይ ኖሮ!» ሴትየዋ አጠገቧ የቆመውን ባሏን በዓይኗ ጠርዝ አየችው። ስለ ቀን መቁጠሪያው የሰሙት መሪጌታ ደግሞ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አባቶች አቡጊዳን የሠሩት ለምን ሆነና? ተራውን በቃሉ የያዘውን ልጅ ፊደሉን በተዘበራረቀ ተራ አሳይተው በእውነት ያይ እንደሆን ሊያውቁ ነው። ሊድያን ገና አላደረስኳትም ነበር» አሉ።

ፕላስተሩ ግን ከበዓሉም ከመነጽሩም የባሰ ጦርነት ሆነ። ሊድያ ቀኝ ዓይኗ በተሸፈነ ቁጥር ትነጫነጫለች፣ ትደናቀፋለች፣ ለቅጽበት ዞር ካልሽ ልጣው ድመቷ ጀርባ ላይ ትለጥፈዋለች። ውዴ ስትለምን፣ ስትቆጣ፣ ስትለምን ሰነበተች። በመጨረሻ የምታውቀውን መንገድ ያዘች፤ ሥራ ሰጠቻት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገበያ ወስዳ ትንሽ በርጩማ ላይ ታስቀምጣትና፣ ፕላስተሩን ለጥፋላት ምስር ታስለቅማታለች። ያቺ ግራ ዓይን ጠጠርና ምስር መለየት አለባት፤ በጆሮ የሚለቀም ምስር ደግሞ የለም። መጀመሪያ ሰሞን ምስሩን ጥላ ጠጠሩን ታስቀርልን ነበር። አንዲት የሆዳን ሰፈር ደንበኛ ጥርሴን ሰበራችሁት ብላ ተመልሳ መጣች። «ይቅር በይን፣ የሊድያ ዓይን ገና ሥራ እየለመደ ነው» አለቻት ውዴ፣ በኩራት። ሴትየዋ ነገሩ ሲገባት ሳቀች፤ ከዚያ ወዲህ ስትመጣ «ያቺ ዓይን እንዴት ናት?» እያለች ትጠይቃለች። ቀስ በቀስ ገበያው በሙሉ ስለ ሊድያ ግራ ዓይን የሚጠይቅ ሆነ። ጠጠሩም እየቀነሰ መጣ፤ ግን መቀነሱ ዓይኗ በመሻሉ ይሁን ውዴ ማታ ደግማ በመልቀሟ፣ ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ውዴ ራሷ አንድ ዓርብ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። «አበልጄ፣ ዘግይቼ ይሆን?» አለችኝ። እንዲህ ዓይነት ድምፅ ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

ኻሊዳ ዓይኗን እንደገና ልታይ የሰጠችን የቀጠሮ ቀን ደረሰ። ከጠዋቱ ጀምሮ ሞቃቱ ነፋስ አሸዋ ይዞ ይነፍስ ነበር፤ ክሊኒኩ ስንደርስ ሁላችንም ፀጉራችን አቧራ ለብሷል። ኻሊዳ ሊድያን ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት፣ ቢጫ መነጽሯን ጠረገችላት፣ ቀኝ ዓይኗን ሸፈነች። ሰሌዳው ላይ ከዚህ በፊት አይተናቸው የማናውቃቸው ሥዕሎች በሩ። ኻሊዳ ከላይ ያሉትን ትልልቆቹን ዘላ ወደ መሀል ረድፍ ጠቆመች።

«አንቺ ሊድያ፣ ምን አየሽ?»

ሊድያ ዝም አለች።

ይህች ልጅ ዝም ብላ አታውቅም። ጥያቄ ሳያልቅ የምትመልስ ልጅ ናት። ውዴ እጄን ያዘችኝ። ኃይለሚካኤል ባርኔጣውን ያሽከረክራል። ዝምታው ሲረዝም አበቃ፣ ዘግይተናል አልኩ በሆዴ። ሊድያ አንገቷን ወደ ፊት አስግጋ፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ ሰሌዳው ላይ አፈጠጠች።

«ቁልፍ» አለች ቀስ ብላ። ወደሚቀጥለው ሥዕል ተሻገረች። «ጀልባ። ከዚያ… ከዚያ ድመት።»

«ሦስተኛዋ ድመት አይደለችም» አለች ኻሊዳ። «ጥንቸል ናት፤ ጆሮዋን እይ፣ ረጅም ነው።»

«እልልልልልል!»

ክሊኒኩ ተናወጠ። ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ሰዎች በሩን ከፍተው ገቡ፤ ልጅ የተወለደ መስሏቸው ይሆናል። ውዴ ከወንበሯ ተነስታ፣ ነጠላዋ ወርዶ፣ እልልታዋን ታቀልጠዋለች። ኻሊዳ ግራ ገብቷት «አንቺ፣ ምን ነካሽ? ተሳሳተች እኮ ነው የምልሽ!» አለቻት።

«ሰማሁሽ!» አለች ውዴ፣ እያለቀሰች፣ እየሳቀች። «ተሳሳተች! አይታ ነው እኮ የተሳሳተችው!»

ሊድያ ግን ዘወር እንኳን አላለችም። እንዳሰገገች፣ በግራ ዓይኗ ወደ ታችኛው ረድፍ እየወረደች፣ በእጇ ወደ ኋላ አመለከተችን።

«እማ፣ ዝም በይ» አለች። «እያየሁ ነው።»